ካርታም ስንቅ ነው

ከጊንሃይም እስከ ደጃች ውቤ ሰፈር፤ ኢንተርኔት ሲጠፋ መንገድ ስለሚያሳየው ስልክ

በፍራንክፈርት ከተማ፣ በጊንሃይም ሰፈር የመጨረሻ ጣቢያ ላይ ሁለት ባቡሮች ተራ በተራ ይቆማሉ። አንዱ ኡ 1፣ ሌላው ኡ 9 ነው። ሁለቱም ከአንድ ቦታ ይነሣሉ፤ ሁለቱም በኒዳፓርክና በሮመርሽታት አልፈው እስከ ኖርድቬስትሴንትሩም ድረስ በአንድ ሐዲድ ይሄዳሉ። ከዚያ አለፍ ብለው ግን ይለያያሉ። ኡ 1 ዞሮ በሄደርንሃይም በኩል ወደ መሐል ከተማ፣ ወደ ሃውፕትቫኸና ወደ ዙድባንሆፍ ይወርዳል። ኡ 9 በሪድበርግ አድርጎ ወደ ሰሜን፣ ወደ ኒደር ኤሽባህ ያቀናል። እዚህ ዓመታት ለቆጠረ ሰው ይህ ምንም አይደለም። ከአዲስ አበባ በመጡ በሦስተኛው ሳምንት ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻቸውን ለወጡ የ71 ዓመት እናት ግን ትልቅ ነገር ነው።

እኒህ እናት የዚያን ዕለት የወጡት ሃውፕትቫኸ ላይ ከምትጠብቃቸው ያገራቸው ሰው ጋር ተገናኝተው ገበያ ለማየት ነበር። ልጃቸው በአረጋውያን መጦሪያ ቤት የጧት ተረኛ ስለሆነች ማታውኑ ነግራቸዋለች። «ባቡሩ ላይ ተሳፈሪ፤ ሃውፕትቫኸ ሲባል ውረጂ፤ ከተቸገርሽ ደውይልኝ» ብላ። ባቡሩ ሁለት ዓይነት መሆኑን መንገር ግን ረስታለች። እናት ጣቢያው ሲደርሱ የቆመው ኡ 9 ነበር። ገቡ፤ ተቀመጡ። ጣቢያ ቢቆጥሩ፣ ጆሮ ቢሰጡ ሃውፕትቫኸ የሚል ቃል አይሰማም። ስልካቸውን አወጡ። ስልኩ ቤት ውስጥ በዋይፋይ ሲሠራ የከረመ ነው። ውስጡ ያለው ሲም ካርድ ግን ያገር ቤቱ ስለሆነ፣ ከበር ከወጡ ወዲህ ዝም ብሏል። መደወልም፣ መንገድ ማየትም አልተቻለም።

ያዳናቸው ሌላ ነገር ነው። ከልጃቸው ቤት መስኮት ሆነው በየቀኑ የሚያዩት አንድ ረጅም ግንብ አለ። ስሙ ኦይሮፓቱርም ነው፤ የከተማው ሰው ቅርጹን አይቶ ሽፓርግል በሚሉት ነጭ አትክልት ስም «ጊንሃይመር ሽፓርግል» ይለዋል። በ1979 ተሠርቶ ያለቀ፣ 337 ሜትር የሚረዝም የቴሌኮሙኒኬሽን ግንብ ነው። በስሙ የጊንሃይም ይሁን እንጂ የቆመበት መሬት የቦክንሃይም ክልል ነው። እናት ይህን ሁሉ አያውቁም። እርሳቸው የያዙት አንድ ነገር ነው፤ ግንቡ ባለበት ቤቴ አለ። ባቡሩ ከዋሻው ወጥቶ ሲመለከቱ ግንቡ ከኋላቸው ሆኖ እያነሰ ሄደ። በሚቀጥለው ጣቢያ ወረዱ፤ ወደ ማዶው መስመር ተሻገሩ፤ ግንቡ እየቀረበ፣ እየተለቀ እስኪመጣ ድረስ ተመልሰው ቤታቸው ገቡ።

ሃውፕትቫኸ ላይ ቆማ የቀረችው ወዳጃቸው ከአንድ ሰዓት በላይ ጠብቃለች። ልጃቸው ከሥራ አስፈቅዳ እየሮጠች መጥታለች። ማታ ቡና ተፈልቶ፣ ነገሩ በሣቅ አለፈ። ነገር ግን ሌላ ጊዜ ሌላ እናት እንዲህ ላትመለስ ትችላለች። ክረምት ሊሆን፣ ሊመሽ፣ ግንቡም በጭጋግ ሊሸፈን ይችላል። ደግሞም በዚያ ቦርሳ ውስጥ የነበረው ስልክ እናቲቱ የት እንዳሉ እያንዳንዷን ደቂቃ ያውቅ ነበር። የጎደለው ካርታው ብቻ ነው።

ስልኩ የሚያውቀውና የማያውቀው

«ኢንተርኔት ከሌለ ስልኬ የት እንዳለሁ አያውቅም» የሚለው እምነት በብዙ ሰው ዘንድ አለ። ትክክል አይደለም። የስልኩን ቦታ የሚነግሩት ከምድር 20,000 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀው የሚዞሩ ሳተላይቶች ናቸው። የአሜሪካው ጂፒኤስ በሰፊው የታወቀው ነው። የአውሮፓው ጋሊሌዮ ደግሞ ከታኅሣሥ 2016 ጀምሮ አገልግሎት ይሰጣል፤ ከመቆጣጠሪያ ማዕከሎቹ አንዱም እዚሁ ጀርመን፣ ሙኒክ አጠገብ ኦበርፋፈንሆፈን ይገኛል። ሳተላይቶቹ ሰዓታቸውንና ያሉበትን ቦታ ሌት ተቀን ያሰራጫሉ። ስልኩ የሚያደርገው መስማት ብቻ ነው። ዶይቸ ቬለን በሬዲዮ ለመስማት ለጣቢያው ስልክ መደወል እንደማያስፈልግ ሁሉ፣ ስልኩም ለሳተላይቱ የሚልከው ነገር የለም። ቢያንስ የአራቱን ድምፅ ከሰማ ቦታውን ያሰላል። ሲም ካርድ አይጠይቅም፤ ሒሳብ አይቆጥርም።

ታዲያ ኢንተርኔት የሚያስፈልገው ለምንድን ነው? ለሥዕሉ ነው። የተለመደው የስልክ ካርታ መንገዱን፣ ሰፈሩን፣ ወንዙን በሄድንበት ልክ ቁራጭ በቁራጭ ከኢንተርኔት እየጎተተ ያሳያል። መረቡ ሲቋረጥ ሰማያዊዋ ነጥብ አለች፤ ዙሪያዋ ግን ባዶ ወረቀት ነው። ያለ ኢንተርኔት የሚሠራው፣ ኦፍላይን የሚባለው ካርታ፣ ያገሩን ሥዕል በሙሉ አስቀድሞ ስልኩ ውስጥ ያስቀምጣል። ያገራችን ሰው ለሩቅ መንገድ ሲነሣ በሶው ይፈጫል፣ ቋንጣው ይቋጠራል፣ ዳቦ ቆሎው ይዘጋጃል እንጂ «መንገድ ላይ ይገኛል» ተብሎ አይወጣም። ካርታውም እንደዚያው ነው። መንገድ ላይ ላይገኝ ይችላል።

የስደተኛው ካርታ

የመንገድ እውቀት በማን እጅ እንዳለ የኛን ሰው ያህል የሚያውቅ የለም። ሱዳንን ተሻግሮ፣ የሊቢያን በረሃ አቋርጦ የመጣ ሰው፣ መንገዱን የሚያውቀው ደላላው ብቻ በሆነበት ጉዞ ምን እንደሚደርስ ይናገራል። የት እንዳለ የማያውቅ ሰው «ገና ነው፣ ጨምር» ሲባል ይጨምራል፤ «እዚህ ቆይ» ሲባል ይቆያል። በ2015 በባልካን አገሮች በኩል ወደ ጀርመን ከገቡት ስደተኞች ብዙዎቹ በስልካቸው ካርታ ይዘው፣ ያሉበትን እያዩ ነበር የመጡት። ስልኩ ባሕሩን አላጠበበም፣ ድንበሩንም አልከፈተም። ሆኖም ተጓዡ ራሱ አቅጣጫውን አውቆ እንዲራመድ አድርጓል።

እዚህ ወረቀት ይዞ ለተቀመጠውም ቢሆን ጉዳዩ አላበቃም። ከሰኔ 15 ቀን 2017 ጀምሮ በአውሮፓ ኅብረት አገሮች ውስጥ የጀርመን ሲም ካርድ ያለ ተጨማሪ ክፍያ ይሠራል። ይህ ደንብ ግን ስዊዘርላንድን አይጨምርም፤ እንግሊዝም ከኅብረቱ ከወጣች ወዲህ በውስጡ የለችም። ለሠርግ ወደ ዙሪክ ነድቶ፣ ለልቅሶ ወደ ለንደን በርሮ፣ በኋላ የስልክ ሒሳቡን አይቶ የደነገጠ ሰው ጥቂት አይደለም። ኢትዮጵያማ ከደንቡ ውጭ መሆኗ ግልጽ ነው።

አገር ቤት ሲገቡ

አገር ቤት ግን ችግሩ የክፍያ ብቻ አይደለም። (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) በሰኔ 2019 በባሕር ዳርና በአዲስ አበባ የተፈጸመውን የባለሥልጣናት ግድያ ተከትሎ ኢንተርኔት ባገሪቱ ተቋርጦ ነበር። በሰኔ 2020 መጨረሻ ድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳ ሲገደል እንደገና ለሳምንታት ተዘጋ። በኅዳር 2020 በትግራይ ጦርነቱ ሲጀመር ኢንተርኔት ብቻ ሳይሆን ስልክም ተቆርጦ፣ ሕዝቡ ለሁለት ዓመት ያህል ከዘመድ ወዳጁ ተለያይቶ ኖረ። በነሐሴ 2023 ደግሞ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ በታወጀበት ሰሞን በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተዘግቶ፣ በአንዳንድ ከተሞች መመለስ የጀመረው ከአንድ ዓመት ገደማ በኋላ፣ በሐምሌ 2024 ነው።

እንግዲህ ከፍራንክፈርት ማታ ተነሥቶ ጧት ቦሌ የሚደርስ ሰው፣ ሲነሣ የነበረው ኢንተርኔት ሲደርስ ላይኖር እንደሚችል ማሰብ አለበት። ይህን የሚያስበው ደግሞ ቤቱ ሳለ ነው። ኢንተርኔት ከተዘጋ በኋላ ካርታ ማውረድ አይቻልም፤ ያልጠረጠረ ተመነጠረ የሚባለው ይኸኔ ነው።

የጠፉት ምልክቶች

ድሮ አዲስ አበባ ካርታ አያስፈልጋትም ነበር። መንገዶቿ የጽሑፍ ስም ቢኖራቸውም በስማቸው የሚጠራቸው ጥቂት ነው። ሰው የሚገናኘው በምልክት ነው። ከስታዲየም ወረድ ብሎ፣ ከቴሌው ጀርባ፣ ከወፍጮ ቤቱ ፊት ለፊት። ምልክቱ ራሱ ቢጠፋ እንኳ ስሙ ይቀራል። ለገሃር የፈረንሳዮቹን የባቡር ጣቢያ ስም እንደያዘች አለች። ካዛንቺስም በጣሊያን ዘመን ለመንግሥት ሠራተኞች ቤት ከሠራው ድርጅት የቀረ ስም ነው።

ከ2024 ወዲህ ግን ከተማዋ በፍጥነት ተለውጣለች። በዚያ ዓመት በኮሪደር ልማት ሥራ የፒያሳ አካባቢ አሮጌ ቤቶች ፈረሱ፤ ደጃች ውቤ ሰፈርም አብሮ ሄደ። ከዚያ ካዛንቺስ ተከተለ። የጊንሃይሟ እናት አርባ ዓመት የኖሩበት ቤት ከነዚሁ አንዱ ነበር። ዛሬ የሚኖሩት በከተማዋ ዳርቻ፣ ብሎኩ ከብሎክ በማይለይበት የኮንዶሚኒየም ሰፈር ነው።

ባለፈው ገና ልጃቸው የ14 ዓመት ወንድ ልጇን ይዛ አዲስ አበባ ሄደች። ልጁ ጊንሃይም ያደገ ነው፤ ካርታውን ቤት ሳለ በሁለት ዓይነት አፕ አውርዷል። እናቱ ያደገችበትን ቤት ሊያሳዩት ሦስቱም ወደ ደጃች ውቤ ወረዱ። በአንደኛው ካርታ ላይ ነጥቧ የቆመችው ጠባብ ቅያስ ውስጥ፣ በቤቶች መካከል ነው። ቀና ሲሉ ግን ቅያሱ የለም፤ ፊታቸው ያለው ሰፊ ጎዳና ነው። ሁለተኛው ካርታ ፍርስራሹን እንደ ባዶ ቦታ ያሳያል። ልጁ ሁለቱንም ስልክ ላይ እያፈራረቀ ግራ ሲገባው፣ አያቱ በእግራቸው ለኩ። «እዚህ ጋ በሩ ነበር። ይኸ ቦኖው ነው። ልጆቹ ኳስ የሚጫወቱት እዚያ ነው» እያሉ። ልጅቷ አለቀሰች። ልጁ ግን ስልኩን አውጥቶ አያቱ በቆሙበት ቦታ ላይ ምልክት አደረገ።

በዚያ ጉዞ ካርታው ያልጠቀመው እዚያ ቦታ ብቻ ነው። ወደ ኮንዶሚኒየሙ ሲመለሱ ባለታክሲው ብሎኩን አያውቀውም፤ መረቡም ደካማ ነበር። ልጁ አስቀድሞ ያስቀመጠውን ምልክት ተከትሎ «ግራ፣ ቀጥሎ ቀኝ» እያለ በጀርመን አፍ በተሰበረ አማርኛ በሩ ድረስ አስገባቸው።

ከመነሣት በፊት

ከመጠምጠም መማር ይቅደም። የሚከተሉትን ቤት ሆኖ፣ በዋይፋይ፣ ከጉዞው ሁለት ሦስት ቀን በፊት ማድረግ ይበጃል።

አንደኛ፣ አፑን መምረጥ። ኦርጋኒክ ማፕስ ያለ ክፍያና ያለ ማስታወቂያ የሚሠራ፣ ለጀማሪም የማያስቸግር ነው። በ2025 ከእርሱ የተለየው ኮማፕስም ተመሳሳይ ነው። ኦስማንድ ለብዙ ነገር የሚሆን፣ ነገር ግን ትንሽ መለማመድ የሚጠይቅ ነው። ብዙ ሰው ስልኩ ላይ ያለው ጉግል ማፕስም የመረጡትን አካባቢ አስቀድሞ ለማውረድ ይፈቅዳል። ከ2015 መጨረሻ ወዲህ ለሚነዳ ሰው ያለ ኢንተርኔት መንገድ ይመራል፤ ለእግረኛ ግን በዚህ በኩል አገልግሎቱ ውስን ነው። የወረደው ካርታ ካልታደሰም ጊዜው ያልፍበታል። ሁለት አፕ መያዝ ስንቅን በሁለት ቋጠሮ እንደ መያዝ ነው።

ሁለተኛ፣ ማውረድ። ለኢትዮጵያ ያገሪቱን ካርታ፣ እዚህ ለሚመጣ እንግዳ ደግሞ ፍራንክፈርት ያለችበትን የሔሰንን ካርታ። ከጉዞው በፊት ማደስም አይረሳ።

ሦስተኛ፣ ምልክት ማድረግ። በላቲን ፊደል ያንድ ከተማ ስም በሦስትና በአራት ዓይነት ስለሚጻፍ፣ መንገድ ላይ ቆሞ ስም መፈለግ ያደክማል። የሚያርፉበትን ቤት፣ የዘመድ ቤት፣ ሆስፒታል፣ ኤምባሲ አስቀድሞ ምልክት አድርጎ ማስቀመጥ ይሻላል። ቤቱን ካርታው ላይ ማግኘት ካልተቻለ፣ አገር ቤት ያለው ሰው ቤቱ ደጃፍ ቆሞ ስልኩ የሚያሳየውን ሁለት ቁጥር ያንብብ። ጊንሃይም ለምሳሌ 50.14 እና 8.65 አካባቢ ናት፤ አዲስ አበባ 9.03 እና 38.74። ቁጥሩ በተራ ስልክ ይነበባል፣ በተራ መልእክት ይላካል፣ በወረቀትም ይጻፋል። ለአንድ ቤት ደጃፍ ግን ከነጥቡ በኋላ አምስት አኃዝ ያስፈልጋል።

አራተኛ፣ መሞከር። ስልኩን የአውሮፕላን ሞድ ላይ አድርጎ፣ ዋይፋዩንም አጥፍቶ ወደ ውጭ መውጣትና ካርታው መከፈቱን፣ ነጥቧም መንቀሳቀሷን ማየት። ቤት ያልተሞከረ ነገር ቦሌ ላይ አይሞከርም። ስልኩ ከሩቅ አገር ሲደርስ ሳተላይቶቹን ለማግኘት ደቂቃዎች ሊወስድበት ስለሚችል ሰማይ በሚታይበት ቦታ መታገስ ያስፈልጋል። ዋሻ ውስጥ ደግሞ አይሠራም። ከጊንሃይም በኡ 1 የሚሄድ ሰው ከዶርንቡሽ በኋላ ባቡሩ ወደ መሬት ውስጥ ሲገባ ነጥቧ ብትቆም አይደንግጥ፤ ከዚያ በኋላ ጣቢያ መቁጠር ነው።

አምስተኛ፣ ባትሪ። ያለ ኢንተርኔትም ቢሆን መንገድ የሚመራ ስልክ ባትሪ ይበላል። መብራት በሚጠፋበት አገር ፓወር ባንክ መያዝ ግዴታ ነው። ከሁሉም በላይ ደግሞ ለእናትና ለአባት አድራሻውንና የልጅን ስልክ ቁጥር በወረቀት ጽፎ ኪሳቸው ውስጥ መክተት። ወረቀት ባትሪ አይጨርስም።

ለሚነዱ ወገኖች አንድ ቃል። በጀርመን ሕግ እየነዱ ስልክ በእጅ መያዝ 100 ዩሮና አንድ ነጥብ ያስቀጣል። ካርታው የሚታየው ስልኩ ማንጠልጠያ ላይ ሆኖ፣ አቅጣጫውም ከመነሣት በፊት ተሞልቶ ነው።

ካርታው የማይናገረው

ካርታ መንገድ መኖሩን ይናገራል። መንገዱ ሰላም መሆኑን አይናገርም። በስልኩ ላይ አዲስ አበባን ከባሕር ዳር የሚያገናኘው መስመር ሁልጊዜ ክፍት ነው፤ በመሬቱ ላይ ግን ውጊያ፣ ኬላ፣ እገታ ሊኖር ይችላል። በክረምት ደለል የሸፈነውን ጥርጊያ፣ የሞላውን ወንዝም ስልኩ አያውቅም። ስለዚህ ከከተማ ለሚወጣ ሰው የመጀመሪያው ካርታ ትናንት በዚያ መንገድ ያለፈ ሹፌር ነው። የጀርመን ዜግነት ያላቸው የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤቱን የጉዞ ማስጠንቀቂያ ማንበብና ኤሌፋንድ በሚባለው ዝርዝር ላይ መመዝገብ ይገባቸዋል። በስልክ ላይ የሚቀመጥ ምልክትም በፍተሻ ጊዜ ሌላ ሰው ሊያየው እንደሚችል አስቦ፣ የሰው ስም ሳይጽፉበት መያዝ ብልህነት ነው።

ካርታውን የሚሞላው ማን ነው

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ይነሣል። በነጻ የሚወርደውን ይህን ሁሉ ካርታ ማን ሠራው? ኦርጋኒክ ማፕስም፣ ኮማፕስም፣ ኦስማንድም የሚቀዱት ከአንድ ምንጭ ነው፤ ኦፕን ስትሪት ማፕ ይባላል። በ2004 በእንግሊዝ አገር የተጀመረ ሲሆን፣ ማንም ተመዝግቦ የሚያውቀውን የሚጨምርበት፣ ማንም በነጻ የሚወስድበት የዓለም ካርታ ነው። በጥር 2010 ሄይቲ በመሬት መንቀጥቀጥ ስትመታ፣ በየአገሩ ቤታቸው የተቀመጡ ሰዎች የሳተላይት ፎቶ እያዩ የፖርቶ ፕሪንስን መንገዶች በቀናት ውስጥ ሥለው፣ ለነፍስ አድን ሠራተኞች ሰጥተዋል። ከ2014 ወዲህም ድንበር የለሽ ሐኪሞችና የቀይ መስቀል ማኅበራት ካርታ የሌላቸውን የገጠር ቦታዎች በበጎ ፈቃደኞች ያሥላሉ። ከፍራንክፈርት ብዙ በማትርቀው በሃይድልበርግም ሃይጊት የተባለው ተቋም በዚሁ ካርታ ላይ ይሠራል።

እንግዲህ አንድ የጎጃም ቀበሌ በካርታው ላይ ስም ከሌላት፣ ስሟን የሚያውቅ ሰው ስላልጻፈላት ነው። ቤቱንና መንገዱን ጀርመናዊም ፎቶ እያየ ይሥለዋል። ስሙን ግን ከፎቶ ማንበብ አይችልም። ስም የሚሰጠው ያገሩ ሰው ነው፤ ካርታው ደግሞ የአማርኛ ስም በአማርኛ ፊደል የሚጻፍበት ቦታ አለው።

ሥራው የራሱ ሥርዓት አለው። ከሌላ ካርታ፣ ለምሳሌ ከጉግል መገልበጥ ክልክል ነው። የግለሰብ ስም በቤቱ ላይ አይጻፍም። የሚጻፈው መሬት ላይ ያለው፣ የአካባቢው ሰው የሚጠራበት ስም እንጂ ጸሐፊው እንዲሆን የሚመኘው አይደለም። በስደት ያለን ሰዎች በስምና በወሰን ስንጨቃጨቅ ስለኖርን ይህን ማስታወስ ይጠቅማል። ካርታውን የጠብ ሜዳ ያደረገ ሰው፣ የሚጎዳው መንገድ የጠፋበትን ተጓዥ ነው።

ከአባ ጎርጎርዮስ ወዲህ

ፍራንክፈርት ለካርታ እንግዳ ከተማ አይደለችም። የጀርመን ፌዴራል የካርታ መሥሪያ ቤት ዋና ጽሕፈት ቤቱ እዚህ ነው። ከዚያም በፊት፣ ከ340 ዓመታት በላይ ወደ ኋላ ስንሄድ፣ የኢትዮጵያ ነገር የተጻፈባትና የታተመባት ከተማ ናት። ሂዮብ ሉዶልፍ የተባለው ሊቅ የኢትዮጵያን ታሪክ በ1681 ያሳተመው በፍራንክፈርት ነው። በ1683 የኢትዮጵያን ካርታ አወጣ። በ1698 የአማርኛ ሰዋስው እዚሁ አሳተመ፤ በ1704 እዚሁ አረፈ።

ሉዶልፍ ኢትዮጵያን በዓይኑ አላያትም። ከቀደሙ ተጓዦች ጽሑፍ ሌላ የነገሩት አባ ጎርጎርዮስ ናቸው፤ የመካነ ሥላሴ ሰው፣ አማራ። በ1649 ሮም ተገናኙ፤ በ1652 አባ ጎርጎርዮስ በሉዶልፍ ጋባዥነት ጀርመን አገር ጎታ ድረስ መጥተው፣ ስለ አገራቸው ወንዝና አውራጃ፣ ሕዝብና ቋንቋ ከቃላቸው አስረዱት። እርሳቸው የተናገሩት ተጻፈ። በ1658 ወደ አገራቸው ሲመለሱ ግን መርከባቸው ተሰብሮ ሰጥመው ሞቱ። ሉዶልፍ ቀድሞ ባይጠይቃቸው፣ ጠይቆም ባይጽፍ ኖሮ፣ ያ ሁሉ እውቀት አብሯቸው ይሰጥም ነበር።

ዛሬ በየቤታችን አባ ጎርጎርዮስ አለ። አንዳንዱ ጊንሃይም ለሦስት ወር ቪዛ መጥቶ ሶፋ ላይ ተቀምጧል፤ አንዳንዱ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ሆኖ የእሑድ ስልክ ይጠብቃል።

ከገናው ጉዞ ከተመለሱ በኋላ ያ የ14 ዓመት ልጅ ኮምፒዩተሩ ላይ ተቀምጦ አያቱ የተወለዱባትን፣ ከደብረ ማርቆስ ወጣ ያለች ቀበሌ ፈለጋት። ካርታው ላይ አንድ መንገድና አንድ ወንዝ አለ፤ ስም የለም። የሳተላይቱን ፎቶ ሲከፍት በታረሰ መሬት መካከል አንድ ክብ አረንጓዴ ታየው፤ መሐሉ ላይ ክብ የቆርቆሮ ጣራ። እሑድ ስልክ ሲደወል አያቱን ጠየቃቸው።

«ዛፍ በዛፍ ነው ዙሪያው?» አሉ እናት።

«አዎ፤ ሌላው ሁሉ እርሻ ነው።»

«ወንዙ በየት በኩል ነው?»

«ከታች፤ በስተ ደቡብ።»

«ሚካኤል ነው!» አሉ። ከዚያም አላቆሙም። ምንጩ ከደብሩ በታች ነው፤ ገበያው ማዶ ነው፤ በክረምት የሚሻገሩት በላይኛው መልካ ነው እንጂ በታችኛው አይደለም፣ የታችኛው ሰው ይወስዳል። ልጁ አማርኛ መጻፍ ስለሚቸግረው ፊደሉን እናቱ ጎኑ ተቀምጣ ታስይዘዋለች። ያን ዕለት አራት ስም ገባ። አምስተኛው፣ የዳገቱ ስም፣ ለእናቲቱ ትዝ አላላቸውም።

«እኅቴን ጠይቄ በሚመጣው እሑድ እነግርሃለሁ» አሉት።